በልብስ ሰፊ ሜትር የተለካ ትራክተር

እናቴ ትራክተር ልትገዛ መሆኑን የነገረችኝ ጎመን እየከተፈች ነው። ቀና እንኳ አላለችም። «ያገለገለ ትንሽ ትራክተር ልገዛ ነው፤ አብረሽኝ ትዞሪያለሽ» አለችና መክተፏን ቀጠለች። እኔ ደግሞ ያን ቀን ከአዲስ አበባ ሱሉልታ ድረስ የሄድኩት ሌላ ነገር ልነግራት ነበር። የኮንዶሚንየሜን ሁለተኛ መኝታ ቤት ቀለም አስቀብቼ፣ አልጋ አስገብቼ፣ «በቃ እማዬ፣ ጠቅልለሽ ነይ» የሚለውን ንግግሬን ሚኒባስ ውስጥ ስለማመድ ነው የደረስኩት። ንግግሬ አፌ ላይ ቀረ።

እማዬና አባቴ ከከተማ ወጥተው ሱሉልታ የገቡት አባቴ ጡረታ ሲወጣ ነው። ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ቤታቸው፣ ከቤቱ ኋላ ቀጭን የላም መሄጃ፣ ከመሄጃው ማዶ የሣር ሜዳ፣ ከሜዳው በላይ ደግሞ ትንሽ የባሕር ዛፍ ጫካ ነበራቸው። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ የኖረች ልብስ ሰፊ ናት። ላም በቅርብ ያየችው እዚያ ከገባች በኋላ ነው። ግን ላሞቹን ልክ እንደ ደንበኞቿ ያዘቻቸው፤ የእያንዳንዷን አመል ታውቃለች፣ ታማቸዋለች፣ መልሳ ደግሞ ታቆላምጣቸዋለች። አባቴ ከሞተ በኋላ እንኳ ሥራው አልከበዳትም ነበር። ሣሩን በየዓመቱ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከሩቅ አገር የሚመጡ አጫጆች ያጭዱላታል፤ ድርቆሹ ላሞቹን ዓመቱን ሙሉ ይይዛል።

በዚያ ዓመት ግን አጫጆቹ አልመጡም። አዲስ አበባ ዙሪያዋን ያሉትን ከተሞች ልትጠቀልል ነው የተባለበት የማስተር ፕላን ጉዳይ አገሩን አናውጦት ነበር። መንገዱ ዛሬ በድንጋይ ይዘጋል፣ ነገ ይከፈታል፤ ከአዲሱ ገበያ የተሳፈርንበት ሚኒባስ ግማሽ መንገድ ላይ ዞሮ ይመልሰናል። ሹፌሮች በሰላም ለማለፍ መስተዋታቸው ላይ ቅጠል ይሰካሉ። ከቡራዩም ከሰበታም የሚሰማው ወሬ ደግ አልነበረም። የእማዬ ሣር በዚህ መሃል ሳይታጨድ ቆሞ ነጣ፣ ላም አሽትታው የምታልፈው ነገር ሆነ።

«ምን ልትዪኝ እንደመጣሽ አውቃለሁ፤ ስምምነት እንግባ» አለችኝ ጎመኑን ድስት ውስጥ ጨምራ። «ራሴ የምነዳው፣ ማጨጃ የሚጎትት ትራክተር ካገኘሁ ሜዳዬን ራሴ አጭዳለሁ፣ እዚሁ እቀራለሁ። ካላገኘሁ ላሞቹን ሸጬ እመጣልሻለሁ። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተነፍስም።»

ቶሎ ብዬ ተስማማሁ። መንዳቱን እንኳ ትችላለች፤ አባቴ ዓይኑ ሲደክም ፒክአፑን የምትነዳው እሷ ነበረች። ነገር ግን ስድሳ ዓመት ላለፋት፣ ጉልበቷን ለሚያማት፣ ከቀሚስ ሌላ ለብሳ ለማታውቅ ሴት የሚሆን ትራክተር በኢትዮጵያ ምድር እንደሌለ እርግጠኛ ነበርኩ።

መጀመሪያ የሄድነው ገላን ነው። ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በመጋዘኖች መካከል፣ ያገለገሉ ማሽኖች የሚሸጡበት ግቢ ነበር። ደላላው የፈረስ ጉልበቱን፣ የሠራበትን ሰዓት፣ የጎማውን ዕድሜ ለእኔ ይዘረዝርልኛል፤ ሱሪ የለበስኩት እኔ ስለሆንኩ ገዢዋ መስዬዋለሁ። እማዬ መሃል ገባችና መዳፏን ሞተሩ ላይ አሳረፈች።

«ሞቋል። ምን አሞቀው?»

«አሁን አስነስተን አይተነው ነው፣ እናቴ።»

«እንግዲያው ሻይ ጠጥተን ሲበርድ እንመለሳለን። በርዶት የማይነሳ ሞተር ለሱሉልታ ጠዋት ምን ያደርግልኛል?»

ይህን የተማረችው ከአባቴ ፒክአፕ ነው። ያ መኪና ሳይገፋ የተነሳበት ጠዋት ትዝ አይለኝም። ሻያችንን ቀስ ብለን፣ በጣም ቀስ ብለን ጠጥተን ስንመለስ ቀዩ ትራክተር ለክፋቱ ባንዴ ተነሳ። ጭሱም ንጹሕ ነበር። እማዬ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥታ አየች፣ መሪውን ወዲያና ወዲህ አድርጋ ልቅነቱን ሞከረች፣ ከዚያ ከቦርሳዋ የልብስ ሰፊ ሜትሯን አወጣች። ከመሬት እስከ መርገጫው ለካች። ከመርገጫው እስከ ወንበሩ ለካች። ቀጥላ ራሷን ከተረከዟ እስከ ጉልበቷ ለካች። ደላላው ሳቁን መያዝ አቃተው።

«እናቴ፣ ልብስ ሊሰፉለት ነው?»

«አንተ ደግሞ ሳትለካ ነው የምትሸጠው?»

አንድ እግሯን መርገጫው ላይ አደረገች፤ ቀሚሷ ተወጠረ፣ ጉልበቷ እምቢ አለ። ከኋላ ልደግፋት ስል እጄን መታችኝ። «አንቺ ቢሮ ስትሆኚ ማን ሊገፋኝ ነው?» ወረደች፣ ደላላውን አመሰገነችና «ይሄ ለረጅም ሰው የተሰፋ ነው» ብላው ወጣን። ደስታዬን ለመደበቅ ብዙም አልሞከርኩም። እሷም አይታኛለች።

ስሕተቱን የሠራነው ከዚያ በኋላ ነው። እማዬ «የላሞቹ መሄጃ ምን ያህል ስፋት ያለው ትራክተር እንደሚያሳልፍ ሳላውቅ ምን አዞረኝ?» አለች። መሄጃው የሚያልፈው በእሷ አጥርና በጎረቤታችን አጥር መካከል ነው። ጎረቤታችን ሽማግሌ ገበሬ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ኦቦ ይላቸዋል፣ እኛም እንደ ሰፈሩ ኦቦ እንላቸዋለን። አባቴ ሲሞት ከዘመድ ቀድመው የደረሱት እሳቸው ነበሩ። እማዬ በአጥር በኩል ከተጣራች ምሳቸውን ትተው ይመጣሉ። የእማዬ ኦሮምኛና የእሳቸው አማርኛ እኩል የተሰባበሩ ስለሆኑ ሁለቱም ግማሽ ግማሹን ይናገሩና ሙሉውን ይግባባሉ።

በቤታችን ልማድ ደግሞ ሊገዛ የታሰበ ነገር ግቢ እስኪገባ አይወራም። ዓይን ይገባበታል፣ ወሬው ይቀድምና ነገሩ ይቀራል የሚል ፍርሃት አለ። አባቴ ማቀዝቀዣ ሲገዛ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ነው ያስገባው፤ ጎረቤቱ በሽተኛ መጣ ብሎ ሊጠይቅ ወጥቶ ነበር። ስለዚህ የትራክተሩን ነገር ለኦቦም አልነገርናቸውም። እኔ የሜትሩን አንድ ጫፍ፣ እሷ ሌላውን ይዘን መሄጃውን ከታች እስከ ላይ ለካነው። መታጠፊያው ላይ ይጠባል። ሰፋ ያለ ትራክተር ከተገኘ አጥሩ ወዴት መነሳት እንዳለበት እንዲታይ እማዬ ችካል እየጠረበች ተከለች። ችካሉ ሣር ውስጥ እንዳይጠፋባትም ከዩኒፎርም የተረፈ ነጭ ጨርቅ እየቀደደች አናቱ ላይ አሰረችበት።

በዚያ ዓመት፣ በዚያ አገር፣ መሬት ለክቶ ችካል መትከል! ሚኒባስ ውስጥ የምሰማው ወሬ ሁሉ ስለ ችካል ነበር። የእገሌ ማሳ ላይ ተተከለ፣ የእገሌ ቤት ሊፈርስ ነው። ችካል ታየ ማለት መሬቱ ሊሄድ ነው ማለት ነበር። ይህን እያወቅን፣ የእኛ ችካል የእኛ ስለሆነ ከዚያኛው ጋር የሚገናኝ አልመሰለንም። በማግስቱ ሁሉም ተነቅሎ ጠፋ። እማዬ «ልጆች ናቸው» ብላ አዲስ ጠርባ ተከለች። ያም ተነቀለ።

ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፤ ስልክም አልሠራ አለ። ተከፈተ ሲባል ገስግሼ ስደርስ እማዬ በረት ውስጥ አንድ አዲስ ጥጃ በጆንያ ታሻሻለች። እጇ ላይ ጭረት ነበረባት።

«ስትወልድ ምጡ አስጨነቃት» አለችኝ ላሟን በዓይኗ እያሳየችኝ። «ኦቦን ተጣራሁ። አልመጡም።»

«አልሰሙሽ ይሆናል።»

«ሰምተዋል። ሲያስሉ ሰማኋቸው እኮ።»

እንደምንም ብቻዋን ጎትታ አውጥታው ነበር። ከጥጃው ይልቅ ያ ሳል እንደጎዳት ከፊቷ ያስታውቃል። እኔ ግን ማዘኑን ትቼ መቆጣት ጀመርኩ፤ ስፈራ አመሌ ነው። «እሺ፣ ሣሩን ትራክተር ይጨድልሽ! ስትጣሪ ማን ይመጣልሻል?» አልኳት። እጇን ታጠበች፣ ነጠላዋን አነሳችና ወደ ኦቦ ግቢ ሄደች። ተከተልኳት።

ኦቦ ደጃፋቸው ላይ ግንድ ላይ ተቀምጠዋል። ከኋላቸው ግድግዳው ሥር የእኛ ችካሎች፣ ነጭ ጨርቃቸው እንደታሰረ፣ ተደርድረዋል።

«አካም ኦልተን፣ ኦቦ?» አለች እማዬ።

«ነጋ፤ ሰላም ነው» አሉ፣ ፊታቸውን ሳይመልሱ።

«አንቱ ነዎት እንዴ የነቀሉት?»

«እኔ ነኝ። አላቃጠልኩትም፤ እንጨቱ ያንቺ ነው።»

ኦቦ ወደ እሷ ዞሩና «አዴ» አሏት፤ ሲያከብሯት እንዲህ ነው የሚሏት። «ላፋ፣ መሬት፣ ሊለኩ የሚመጡት ናቸው እንዲህ ጨርቅ የሚያስሩ። አንቺና ልጅሽ ሜትር ይዛችሁ አየሁ። ልጅሽ ከተማ ቢሮ ነው የምትሠራው። ወይ ሸጠሽ ልትሄጂ ነው፣ ወይ የኔን ላፋ መሄድ ቀድመሽ አውቀሽ ደብቀሽኛል አልኩ።» ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ከጠፋ ሰነበተ። ይታሰር፣ ይሽሽ፣ አላውቅም። በዚሁ በላፋ ነገር ነው የወጣው።»

አላወቅንም ነበር። እማዬ ከግንዱ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «እንዴት አይነግሩኝም? አጥር ለአጥር ሆነን?»

«አንቺስ ምን ነገርሽኝ?»

«ትራክተር ልገዛ ነው» አለች እማዬ።

ኦቦ እሷን አዩ፣ እኔን አዩ፣ መልሰው የእሷን ቀሚስ አዩ። «ትራክተር? አንቺ?» አሉና ሳቁ። ሳቁ ሳል ሆነባቸው፣ ከሳሉ ጋር ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ እንባው የሳቁ ይሁን የልጃቸው እኔ አልለየሁትም። እማዬ ግን አልሳቀችም። እጃቸውን ይዛ አስነሳቻቸውና ወደ መሄጃው ወሰደቻቸው። የችካሎቹ ጉድጓዶች ገና አልተደፈኑም ነበር። ኦቦ አንድ በአንድ እያዩ እስከ መታጠፊያው ሄዱ። ሁሉም በእማዬ በኩል ናቸው፤ የቆረጠችው ከራሷ ነበር።

«ችካሉን እንጂ ቦታውን አላየሁም» አሉ ኦቦ። «እኔም ላምሽ ስትጮህ ሰምቼ ተቀመጥኩ።»

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት የትራክተር ነገር አልተነሳም። እማዬ ጠዋት ማታ ኦቦ ግቢ ነች፤ እኔም ከተማ ውስጥ የማውቀውን ሰው ሁሉ ስለ ልጃቸው ጠየቅኩ። ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተባለ፤ ማን ያምናል፣ ግን ተባለ። ልጁም አንድ ቀን ከስቶ፣ ጠጉሩ አድጎ፣ በእግሩ መጣ። እማዬ አቅፋ ስታለቅስ ያየ የወለደችው ይመስለዋል። በሳምንቱ ስልክ ደወለችልኝና «ቡራዩ አንድ ትራክተር አለ አሉ። ኦቦም አብረውን ይመጣሉ» አለችኝ። ምስጢር ማብቃቱ ነበር።

የቡራዩው ትራክተር ገፈርሳ ግድብ አጠገብ ባለ የችግኝ ቦታ ነበር። ሰማያዊ፣ ጠባብ፣ ዝቅ ያለ፣ የጃፓን። ሞተሩ ቀዝቃዛ ነበር፤ ባንድ ቁልፍ ተነሳ። እማዬ ጉልበቷን ሳትለካ ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ሰው ወጣችበት። ስፋቱን ስንለካው በመሄጃው አንዲት የአጥር እንጨት ሳይነካ ያልፋል። ኦቦ ኮታቸውን ቆልፈው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ትልቅ ጉዳይ ላይ እንደተጠራ ሽማግሌ ዞረው ዞረው አዩትና «ይሄ ጥሩ ነው፤ የማንንም አጥር አይነካም» ብለው ፈረዱ።

እኔ በልቤ እጄን ሰጠሁ። መኝታ ቤቱ ባዶውን ሊቀር ነው፤ ይቅር። እማዬ በችግኞቹ መካከል ቀስ ብላ ስትነዳ ያለ የሌለ ኩራት ተሰማኝ። እኔና ኦቦ አጥሩ ሥር ቆመን እጃችንን አውለበለብንላት፣ እሷም ከሩቅ አውለበለበችልን። ዞራ መጥታ አጠፋችው፣ ወረደች፣ ባለቤቱን አመሰገነችና «ላስብበት» አለችው።

«ምኑን?» አልኩ ገና ከግቢው ሳንወጣ።

«ሰበታም አለ ተብያለሁ።»

የሰበታውን ሳየው ሳቄ መጣ። አሮጌ ነው። ቀለሙ አረንጓዴ ነበር ወይስ ግራጫ፣ ባለቤቱም የረሳው ይመስላል። ከሥሩ ዘይት ያንጠባጥባል፤ ወርዱ ደግሞ የቡራዩውን አንድ ተኩል ይሆናል። ባለቤቱ አትክልት የሚያለማ ሰው ነው። በርዶት እንደቆመ ሲያስነሳው አንዴ አጉረመረመና እምቢ አለ፤ በሁለተኛው ተነሳ። መርገጫው ሥር ሌላ ተጨማሪ ብረት አስበይዶበት ስለነበረ እማዬ ያለችግር ወጣች። ገና እንደተቀመጠች ግን ዓይኗ ከኋላ ጎማው በላይ ያለው ፓራፋንጎ ላይ አረፈ። ሰፊና ጠፍጣፋ ነው፤ ሌላው ቦታ ሁሉ ዝጎ፣ እሱ ብቻ ተወልውሎ ያበራል።

«እዚህ ማን ነበር የሚቀመጠው?» አለችው።

«ባለቤቴ» አለ ሰውየው ፈገግ ብሎ። «ምሳ ይዛልኝ ስትመጣ እዚያ ተቀምጣ ነው የምንዞረው።»

እማዬ ወደ ኦቦ ዞረች። «ኦቦ፣ ይውጡ እስቲ።»

«እኔ?» አሉ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ለእኔ ሰጡኝና ወጡ። የሽንኩርቱን ማሳ ዳር ዳሩን ይዘው ሄዱ። ሞተሩ ስለሚጮህ ሁለቱም እየጮኹ ነው የሚያወሩት፤ አንድ ቃል አማርኛ፣ አንድ ቃል ኦሮምኛ ነፋሱ ያመጣልኛል። ኦቦ በጣታቸው የሰውየውን እርሻ እያሳዩ ይነቅፋሉ፣ እማዬ ትከራከራቸዋለች፣ ኦቦ ይስቃሉ። ልጃቸው ከጠፋ ጀምሮ እንዲህ ሲስቁ አላየኋቸውም ነበር። ሲመለሱ እማዬ ሞተሩን አጠፋችና «ይሄ ነው» አለች።

ቱግ አልኩ። ዘይቱን፣ ዕድሜውን፣ ሁለት ጊዜ ተለምኖ መነሳቱን፣ መታጠፊያው ላይ አጥር ካልተነሳ የማያልፍ መሆኑን ባንድ ትንፋሽ አወረድኩት። «አጥር ልታስነሺ ነው ደግሞ? በዚህ ዘመን?» አልኳት። ኦቦ ቀስ ብለው ከፓራፋንጎው ወረዱና ባርኔጣቸውን ከእጄ ተቀበሉ።

«አጥሩ ከሁለታችንም በኩል ይነሳል» አሉኝ በለሆሳስ። «ተነጋግረናል።»

እማዬን ክንዷን ይዤ ወደ ዳር ወሰድኳት። «የቡራዩው ምን ጎደለው? ንገሪኝ እስቲ። ለአንቺ ልክ የተሰፋ ነበር።»

«ልክ ነበር» አለች። «ግን አንድ ሰው ብቻ ነው የሚይዘው። እዚያ ላይ ሆኜ ሁለታችሁን አጥር ሥር ቆማችሁ አየኋችሁ። ብቻዬን ለመቀመጥማ፣ ልጄ፣ ያንቺስ ቤት ምን አነሰኝ?»

ያን ቤት ጠዋት ሳይነጋ ቆልፌ ወጥቼ ሲመሽ ነው የምመለሰው። ሻጩን ጠራሁትና ትራክተሩን እንወስደዋለን አልኩት።